ስምንተኛው አበባ

ቪዲን ማንም የማይሄድባት ከተማ ናት። ይህን የሚሉት ጠላቶቿ አይደሉም፤ ሻንጣቸውን እየጎተቱ የሚመጡት የውጭ እንግዶች ራሳቸው ናቸው። የሚመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ፓሪስንና ሮምን ጠግበው፣ ሰው ያልረገጠው ነገር ሲያምራቸው፣ ከቡልጋሪያ ካርታ ጥግ ላይ ፈልገው ያገኟታል። ከዚያ ዳንዩብ ዳር ቆመው አሮጌውን ምሽግና የተዘጉትን ሱቆች እያዩ፣ «እንዴት ደስ ይላል፣ ሰው የለም እኮ!» ይላሉ። ለእንግዶች ክፍል የምታከራየው ራይና ይህን በሰማች ቁጥር አንድ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ይመጣና ትውጠዋለች፤ እንግዳ ነው፣ ምን ይደረግ። ሰዉ የት ሄደ ብሎ የጠየቃት ግን እስከ ዛሬ አንድም የለም።

ከሄዱት አንዱ ልጇ ፕላመን ነው። ስፔን፣ ሳራጎሳ የምትባል ከተማ፣ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ወረቀት የለኝም አለ። ከዚያ ሥራ አልመች አለኝ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የቀረው ሐፍረት ብቻ ነበር፤ ሰው ብዙ ከቆየ መመለሱ ራሱ ይከብደዋል። ዘንድሮ ግን፣ በትንሣኤ ማግሥት ደውሎ፣ «እማ፣ ነሐሴ ላይ እመጣለሁ፤ ሙሉ ሁለት ሳምንት» አላት።

ራይና ሰባ ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ሮማኒያ በሚያሻግረው ጀልባ ትኬት ስትቆርጥ ኖራ፣ ድልድዩ ሲሠራ ጀልባውም ቆመ፣ እሷም ቤት ገባች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለችው ወንዙን በሚያይ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነው። መኝታ ቤቷን ለእንግዶች ታከራያለች፤ ራሷ ኩሽና ውስጥ ሶፋ ላይ ትተኛለች። የፕላመን ክፍል ግን አይከራይም። የነሐሴውን ወሬ ከሰማች ወዲህ ግድግዳውን በራሷ እጅ ነጭ ቀብታዋለች፤ አዲስ አንሶላ አንጥፋበታለች፤ ቆልፋበታለች።

«ያንን ክፍል አከራዪው እንጂ!» ትላታለች ፊት ለፊት በር የምትኖረው ጊና፣ ምላሷ አጥር የሌለው ሴትዮ። «እንደ ሙሽራ ቤት ለማን ነው የምታስጌጪው?»

«ነሐሴ ላይ ልጄ ይመጣል።»

«የየትኛው ዓመት ነሐሴ?»

«ሂጂ ወደዛ! አንቺ ደግሞ ልብሽ ድንጋይ ነው» ትላትና በሩን ትዘጋባታለች። ከደቂቃ በኋላ ጊና ተመልሳ ታንኳኳለች፤ ወይ ጨው አልቆባታል፣ ወይ ወሬ።

በሰኔ መጀመሪያ አንዲት ቤልጂጋዊት መጣች። ሊስቤት ትባላለች፤ ስልሳዎቹን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ሩሲያኛ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች። ራይናም በልጅነቷ ሩሲያኛ በግድ ተምራለችና ተግባቡ። ሴትዮዋ ከነሻንጣዋ በሩ ላይ ቆማ ስድስት ጽጌረዳ ዘረጋችላት። ራይና አመስግና ተቀበለች፣ ቆጠረች፣ አንዷን መዘዘችና ወደ ጊና በር ሄዳ መዝጊያው እጀታ ላይ ሰካቻት።

«ምነው? ጠውልጋ ነው?» አለች ሊስቤት።

«አይ፣ በእኛ አገር ለቋሚ ሰው አበባ የሚሰጠው ጎዶሎ ቁጥር ነው። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ጥንድ ቁጥር ለሬሳ ነው። አንቺ ደግሞ ገና ሳንተዋወቅ ልትቀብሪኝ መጣሽ!»

ሊስቤት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ አፏ ላይ እንዳለ ዓይኗ እንባ ሞላ። ራይና ደነገጠች። እጇን ይዛ ኩሽና አስገባቻትና አንድ ብርጭቆ ራኪያ ቀዳችላት፤ እንባ ላመጣ እንግዳ እዚያ ቤት የሚሰጠው ይኸው የፍሬ አረቄ ነው።

ነገሩ ወዲያው ወጣ። ሊስቤትና ባሏ ዮስ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየክረምቱ፣ ማንም ሂዱ ያላላቸውን ከተማ እየመረጡ ሲሄዱ ኖረዋል። ዝርዝሩ ማቀዝቀዣቸው ላይ ተለጥፎ፣ አይተው ሲመለሱ እየሰረዙ ነበር። ያዩትንም ኢንተርኔት ላይ በከፈቱት ገጽ ይጽፋሉ፤ ፎቶ የምታነሳው እሷ፣ የሚጽፈው እሱ። ሳይሰረዝ የቀረው የመጨረሻው ስም ቪዲን ነበር። ዮስ የካቲት ላይ ሞተ።

«ታዲያ ብቻዬን መጣሁ» አለች። «ልሰርዘው።»

በማግሥቱ ራይና ከተማውን ልታሳያት ወጣች። ለእንግዶች የምታሳየው መንገድ አንድ ነው፤ ምሽጉ፣ የወንዙ ዳር መናፈሻ፣ ሥራ የፈታው የጀልባ መቆሚያ። ሊስቤት ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር። በየበሩ፣ በየመብራት እንጨቱ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሳይቀር፣ የሰው ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል።

«እነዚህ ሁሉ የሚፈለጉ ወንጀለኞች ናቸው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

ራይና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ቢገኙማ ጥሩ ነበር! የሞቱ ሰዎች ናቸው። የመርዶ ወረቀት ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በር ላይ ይለጥፋል፤ በአርባው፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ እንደገና ይለጥፋል። ሰው የሌለ መሰለሽ? ይኸው ሁሉም በር በሩ ላይ ነው።»

ሊስቤት አንዱ ወረቀት ፊት ብዙ ቆመች። «ዮስ የሞተ ጊዜ» አለች ቀስ ብላ፣ «በእኛ ሰፈር ማንም አላወቀም። ከሁለት ወር በኋላ ጎረቤቴ አግኝታኝ፣ ባልሽ ደህና ነው ወይ አለችኝ።»

ሁለት ወር! በቪዲን ሰው ሞቶ ሁለት ሰዓት አይደበቅም። ራይና ብዙም አላሰበችበትም፤ ደግ ሰው ደግነቱን አያስብበትም፣ ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው። ሊስቤትን ይዛ የመርዶ ወረቀት የሚያትመው ኪሪል ሱቅ ገባች። የዮስን ፎቶ ከሊስቤት ስልክ ላይ አወጡ። ከላይ በትልቁ ጥቁር ፊደል፣ እንደ ወጉ፣ «የሐዘን ዜና» ተባለ። ከሥር በትንንሹ፣ ዮስ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ ቪዲንን ሊያይ ፈልጎ ሳይደርስ የቀረ፣ ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱ የሚለጠፈው በሟች ዘመድ በር ላይ ነው፤ ዮስ ደግሞ በቪዲን በር የለውም። ስለዚህ ራይና የራሷ በር ላይ ለጠፈችው፤ ከላዩም ጥቁር ሪባን አሰረች። በሩ አረንጓዴ ነው። ፕላመን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ራሱ የቀባው ነው፤ እንደዚያ ያለ የእንቁራሪት አረንጓዴ በር በፎቁ ውስጥ ቀርቶ በከተማው ውስጥ የለም።

ስንዴ ቀቅላ፣ ስኳር ነስንሳ፣ የሙት ንፍሮ አዘጋጀች። የፎቁ ሰው አንድ በአንድ እየወጣ በማንኪያ እየቀመሰ፣ ለማያውቀው ቤልጂጋዊ «እግዜር ይማረው» አለ። ሊስቤት የሚሉት አይገባትም ነበር፤ ግን ለእያንዳንዱ እጅ እየነሳች አለቀሰች። የካቲት ላይ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው።

ጊና ብቻ ፊቷን አጨማደደች። ራይናን ወደ ጥግ ስባ፣ «አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ? ሰው ሳይሞትበት በሩ ላይ መርዶ ይለጥፋል? ይሄ እኮ ሞትን ና ግባ ማለት ነው!» አለቻት።

«ይምጣ፤ ከነሐሴ በኋላ ከሆነ በሩን እከፍትለታለሁ» አለች ራይና።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሊስቤት ከደረጃው ሥር ቆማ በሩን ፎቶ አነሳችው። ከሩቅ ስለሆነ የሚነበበው «የሐዘን ዜና» የሚለው ብቻ ነበር፤ የዮስ ፊት ጥላ መስሏል። አረንጓዴው በር ግን ፍንትው ብሎ ይታያል። «ማንም የማይሄድባት፣ ለሰው ግን የሚለቀስባት ከተማ» ብላ ጻፈችበትና ገጻቸው ላይ ለቀቀችው።

በማግሥቱ ረቡዕ ሁለቱ ሴቶች የቤሎግራድቺክን ቀይ ቋጥኞች ሊያዩ በአውቶቡስ ሄዱ። ራይና ስልኳን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ረስታዋለች። ማታ ስትመለስ አሥራ አራት ጥሪ አገኘች፤ አሥራ አራቱም የፕላመን። ብትደውል ዝግ ነው። ደግማ ብትደውል ዝግ ነው። ልቧ ተንጠልጥሎ አደረ። ሐሙስ ጠዋት ሊስቤት ተሰናብታት፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስማት፣ በድልድዩ ወደ ሮማኒያ ተሻገረች፤ ራይና የሸኘቻት ግማሽ ልቧን ስልኩ ላይ አድርጋ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ኩሽና ውስጥ ሆና ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማች። የሚወጣው ሰው ሩጫ ቀረሽ ነው። ሦስተኛው ደርብ ሲደርስ ቆመ። በሯን አላንኳኳም፤ የጊናን አንኳኳ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማች፤ በስልክ ብቻ ስትሰማው የኖረችውን፣ አሁን ግን ያለ ስልክ።

«ጊና... ቀበራችኋት?»

«ማንን?» አለች ጊና።

«እናቴን! ቀበራችኋት ወይ?»

ራይና እጇ ላይ የነበረው ድስት የት እንደወደቀ አታውቅም። በሩን በረገደችው። ፕላመን ዞረ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን አልተላጨም፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ፀጉሩ ከፊት መሸሽ ጀምሯል፤ ይህን ማንም አልነገራትም ነበር። እጁ ላይ በጥቁር ሪባን የታሰረ ቀይ አበባ አለ። ክው ብሎ ቀረ። አበባው ከእጁ ወደቀ።

«እማ?»

«አለሁ፣ አባቴ። አለሁ።»

ያ ሁሉ ቁመት ደረጃው ላይ ተንበርክኮ ወገቧን አቀፈና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ራይናም ጭንቅላቱን ይዛ አለቀሰች፤ ግን የእሷ ልቅሶ የደስታ ነበር። መጣ! ነሐሴን ሳይጠብቅ መጣ! ጊና እንኳን በመሐረብ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

ነገሩ እየቆየ ተዘረዘረ። አብሮት የሚሠራ የቪዲን ልጅ ነው፣ የቪዲን ሰዎች እየተቀባበሉ ያደረሱትን የሊስቤትን ፎቶ በስልኩ ያሳየው፤ «ይሄ የእናትህ በር አይደለም?» ብሎ። በር የሚያህል ነገር እንዴት ይሳሳታል? ራሱ የቀባው በር። ሥራ ቦታው ቆሞ አሥራ አራት ጊዜ ደወለ፣ የሚያነሳ የለም። በቪዲን ሬሳ አይቆይም፣ በማግሥቱ ይቀበራል፤ ያገኘው አውሮፕላን ላይ ዘሎ ወጣ። ስልኩ መንገድ ላይ ባትሪው አለቀ። ከሶፊያ በሚኒባስ አራት ሰዓት ተኩል ተጉዞ መጣ። አውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት አበባ ገዛ። በሩ ላይ ሲደርስም ወረቀቱን ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም።

«ምን ነካሽ ግን?» አለ፣ እንባው ሲደርቅ ቁጣው መጣ። «የማይታወቅ ሰው መርዶ በርሽ ላይ ትለጥፊያለሽ? ልትገድዪኝ ነው?»

«ሴትዮዋ አሳዘነችኝ፣ ልጄ።»

«እኔስ?»

ራይና አበባውን ከደረጃው ላይ ሰብስባ ቆጠረችው። ስምንት ነው። ለሬሳ ነውና የተገዛው፣ ጥንድ ነው። አንዱን መዘዘች፤ ሰባቱን የአበባ ማስቀመጫው ውስጥ አድርጋ ጠረጴዛው መሐል አኖረች። ስምንተኛውን መጣል አልሆነላትምና፣ በብርጭቆ ውኃ ለብቻው መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

የተቆለፈውን ክፍል ከፈተችለት። ነጩን ግድግዳ በእጁ ዳሰሰው፤ አዲሱ አንሶላ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሥጋና ሩዝ የታጨቀበት ቃሪያ ሠራችለት፤ ሦስት በላ፣ አራተኛውን በግድ አጎረሰችው። ከምሳ በኋላ፣ «እስቲ ከተማዬን አሳዪኝ» አላት እየሳቀ።

ለእንግዶች የምታሳየውን መንገድ ያዙ፤ ሌላ መንገድ የላትም። «ዳቦ ቤቱስ?» አለ። ተዘግቷል። «የሚትኮ አባትስ?» ራይና በአገጯ አሳየችው፤ መብራት እንጨት ላይ ነበር፣ የዓመቱ ወረቀት። ጀልባ መቆሚያው ጋ ሲደርሱ ፕላመን ስልኩን አወጣና ወንዙን፣ ምሽጉን፣ ባዶውን መንገድ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ትንፋሹን ረዘም አድርጎ ሳበና፣ «እንዴት ደስ ይላል» አለ። «ሰው የለም እኮ።»

ራይና አፍጥጣ አየችው። ለስንት እንግዳ የዋጠችው መልስ፣ ይኸው ቃል ከልጇ አፍ ሲወጣ አልዋጥ አላት።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቤት ሳሉ ቻርጅ ያደረገው ስልክ ጮኸ። ፕላመን ቆሞ በስፓንኛ አወራ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አንገቱ የተሰበረ፣ የሐዘንተኛ አነጋገር ነበር። ራይና ቋንቋውን አትችልም፤ አነጋገሩ ግን ገባት። ሲመለስ ዓይኗን ማየት አቃተው።

«ማን ነው?»

«አለቃዬ ነው።»

«ምን አለህ?»

«እግዜር ያጥናህ አለኝ።»

ወንዙ ላይ አንድ የጭነት መርከብ ቀስ እያለ ያልፋል።

«ስንት ቀን ሰጡህ?»

«ከትናንት ጀምሮ አራት። ሁለቱ መንገድ ነው። ነገ ጠዋት መሄድ አለብኝ።»

«ደውልና አልሞተችም በለዋ! ስሕተት ነው በለው!»

«እማ፣ ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች አያቴ ሞተች ብለው ዋሽተው ተባረዋል። ማን ያምነኛል? ፎቶውን እንኳ ለአለቃዬ ያሳየሁት እኔው ነኝ። አልቅሼ ነው የሄድኩት፤ ሠራተኛው ሁሉ አዋጥቶ የጸሎት ሻማ አብርቶልሻል።»

ራይና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። የምትጠይቀውን ታውቃለች፤ መልሱንም ሳታውቀው አልቀረችም። ግን እናት ናትና ጠየቀች።

«ነሐሴስ?»

ፕላመን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ነሐሴ የሰጡኝ እናቴን ልጠይቅ ብዬ ነው። አሁን ምን ብዬ ልሂድ? የትኛዋን እናትህን ቢሉኝስ? ትንሽ ይቆይ፣ ነገሩ ይረሳ። በሚቀጥለው ዓመት... ሥራ ከቀየርኩ...»

«እሺ፣ አባቴ። የእውነቱ ዕለትስ?»

«የምን እውነት?»

«የእውነት የሞትኩ ዕለት።»

«እንደዚህ አትበይ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ሟሟ። «ያኔ እናያለን፣ እማ። ያኔ እናያለን።»

ራይና አልተናደደችበትም። ብትናደድ ይሻላት ነበር። ልጇ ክፉ አይደለም፤ ሞተች ሲባል በአንድ ቀን ሦስት አገር አቋርጦ ደርሷል። ያ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር፤ አውሮፕላኑም፣ ሚኒባሱም፣ ደረጃውም። ያልነበረው የእሷ መሞት ብቻ ነበር። ይህ ሐሳብ ገብቶ ውስጧ ተቀመጠ፤ ቅስሟ የተሰበረው ያኔ ነው፣ ወንዝ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጇ ጎኗ ተቀምጦ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ ሸኘችው። የቃሪያ ማሰሮ፣ የቼሪ ማርማላታ፣ የሱፍ ካልሲ አስያዘችው። ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ መሸሽ የጀመረውን ፀጉሩን ሳመች። «ጥቁሩን ሸሚዝ እስከ አርባ ቀን አታውልቅ» አለችው። «ይጠረጥሩሃል።» ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ አልመጣለት አለ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስታወቱ እጁን አወዛወዘ፤ እሷም እስኪርቅ አወዛወዘች።

ደረጃውን ስትወጣ በየደርቡ አረፈች። አረንጓዴው በር ላይ ዮስ አሁንም ከነሪባኑ አለ። አልነካችውም። ገባች፤ በሩንም አልዘጋችውም። የፕላመንን አንሶላ አየችው፤ አንድ ጎኑ ብቻ ተጨማዷል። ሳታነሳው ወደ ኩሽና ተመለሰች። መስኮቱ ላይ ያለውን ብርጭቆ አነሳች፣ አበባውን አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ከሰባቱ መሐል ቀስ ብላ ሰካችው።

ጊና ጨው ልትበደር በክፍቱ በር አንገቷን ብቅ አድርጋ ነበር። ዓይኗ አበባው ላይ ዐረፈ፤ በጣቷ ቆጠረች።

«አንቺ! ስምንት ሆነ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች ራይና። «ልጄ ለቅሶዬን ደርሶ ሄደ።»